አዲስ አበባ ላይ የተገኘ አራት ወር

ቡናው የመጣው በሲኒ ነው። እጀታ የሌላት፣ የእኛኑ ሲኒ የምታህል። ሻጩ የሚቀዳው ከረጅም የናስ ማንቆርቆሪያ ነው፤ ከሥሩ ፍም አለው። ስኳር የለውም። ከጎኑ ካሻታ የሚሉት የኦቾሎኒ ጣፋጭ ይሰጣሉ። እሱን እየነከሱ መራራውን ቡና ፉት ማለት ነው።

ቦታው ጆውስ ኮርነር ይባላል። ዛንዚባር ውስጥ፣ ስቶን ታውን በሚሉት አሮጌ ከተማ፣ ጠባብ መንገዶች የሚገናኙበት ትንሽ አደባባይ ነው። ግድግዳው ላይ ሻርክ ተስሏል። በቤቶቹ ሥር ባራዛ የሚሉት የድንጋይ መደብ አለ። ማታ ማታ ወንዶቹ እዚያ ላይ ይቀመጣሉ። ዶሚኖ ይጫወታሉ፣ ፖለቲካ ያወራሉ፣ ኳስ ያወራሉ። እኔም ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ካንዙ የሚሉትን ነጭ ረጅም ቀሚስ የለበሱ፣ ኮፊያ ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ። ከስዋሂሊ የማውቃትን አንድ ሰላምታ አወጣሁ። «ሺካሞ» አልኳቸው። ትልቅ ሰው የሚከበርበት ሰላምታ ነው። «ማራሃባ» አሉኝ ፈገግ ብለው። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ነው ያወራነው።

«ከየት ነህ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«ከየትኛው ከተማ?»

«ከአዲስ አበባ፣ ምዜ» አልኳቸው፤ ለትልቅ ሰው የሚባል የአክብሮት ጥሪ ነው።

ሲኒያቸውን መደቡ ላይ አስቀመጡ። ትንሽ ዝም አሉ።

«አዲስ አበባ እኮ ለብቻችን አስቆጥራን ነበር» አሉ። «አራት ወር።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። ሲነግሩኝ ነው የገባኝ። ሲገባኝ ደግሞ አፈርኩ። ያ ነገር የሆነ ዕለት እኔ እዚያው አዲስ አበባ ነበርኩ።

መጋቢት 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ጠቅላላ ጉባኤውን በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ እያካሄደ ነው። ኳስ የሚከታተል ሰው ሁሉ ያን ቀን ያስታውሳል። ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ ከ29 ዓመት በኋላ ወንበራቸውን ያጡበት ቀን ነው። የማዳጋስካሩ አህመድ አህመድ 34 ለ 20 አሸነፏቸው። እኔ በምሠራበት ቢሮ ከሰዓት በኋላ ማንም ሥራ አልሠራም። ሃያቱ ለእኛ ሌላ ሰው አይደሉማ። ይድነቃቸው ተሰማ ካረፉ በኋላ ያን ወንበር የያዙ ሰው ናቸው። እኛ ልጅ ሆነን ነበሩ፣ አድገን ሥራ ይዘንም ነበሩ። ስለዚህ ስለ እሳቸው አወራን። ምሳ ላይ አወራን፣ ታክሲ ውስጥ አወራን።

በዚያው ቀን፣ በዚያው አዳራሽ፣ ጉባኤው ሌላም ነገር ወስኗል። ዛንዚባርን 55ኛ ሙሉ አባሉ አድርጎ ተቀብሏል። ዜናው መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ነበረች። አንብቤያት አለፍኩ።

ባራዛው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን አላለፏትም። ያን ቀን ሰው ከየቤቱ እንደወጣ፣ የማይተዋወቅ ሰው እንደተቃቀፈ ነገሩኝ። «ካንተ ከተማ ነው ዜናው የመጣው» አሉኝ። ውለታ እንደዋልኩላቸው ዓይነት ነበር የሚያዩኝ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላብራራ። ዛንዚባር ኡንጉጃና ፔምባ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ደሴቶችና ትንንሾቹ ናቸው። ወደ 1.9 ሚሊዮን ሰው ይኖርባቸዋል። የራሱ ፕሬዚዳንት፣ የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ባንዲራና መዝሙር አለው። ግን ሉዓላዊ አገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 26 ቀን 1964 ጀምሮ ከታንጋኒካ ጋር ተዋህዶ ታንዛኒያ ሆኗል። ታንዛኒያ የሚለው ስም ራሱ ከሁለቱ ስሞች ተቆርጦ የተቀጠለ ነው።

ኳሱ ግን ከውህደቱ ይቀድማል። ዛንዚባር በምሥራቅ አፍሪካ የጎሳጅ ዋንጫ መጫወት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። የጎሳጅ ዋንጫ የዛሬው የሴካፋ ዋንጫ፣ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች ውድድር፣ አያት ማለት ነው። በ1995 ደግሞ ኡጋንዳ ላይ የሴካፋን ዋንጫ አንስታ ወደ ቤቷ ገብታለች። ስለዚህ እኛ ኢትዮጵያውያን ዛንዚባርን እንደ ቡድን አሳምረን እናውቃታለን። ሴካፋ በመጣ ቁጥር ምድብ ውስጥ አለች። ለእኛ እንደ ብሩንዲ፣ እንደ ሩዋንዳ ናት።

ከሴካፋ ከወጣን ግን ዛንዚባር የምትባል ቡድን የለችም። ሴካፋ ላይ የዋናው ምድር ቡድን «ኪሊማንጃሮ ስታርስ» ይባላል፤ የደሴቶቹ «ዛንዚባር ሂሮስ» ይባላል። ሁለቱ እርስ በርስ ይጋጠማሉ፣ ይሸናነፋሉ። የአፍሪካ ዋንጫ ወይም የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሲመጣ ግን ያለው አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ «ታይፋ ስታርስ»፣ ታንዛኒያ። ቤት ውስጥ በስምህ ይጠሩሃል፤ እንግዳ ሲመጣ በወንድምህ ስም።

ክለቦቻቸው በአፍሪካ ውድድሮች ይሳተፋሉ። ብሔራዊ ቡድናቸው ግን አይችልም። ካፍ ውስጥ የነበራቸው ቦታ የተባባሪ አባልነት ነው። ከቤቱ ገብተህ ከማዕዱ አለመቅረብ ማለት ነው። ድምፅ የለህም፣ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ የለህም። ከፊፋ የሚመጣ ገንዘብ ደግሞ በዳሬ ሰላም በኩል ዞሮ ነው የሚደርስህ፤ ከደረሰ። በዚህ ለዓመታት ተነታርከዋል።

መጋቢት 7 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በር ይህን ሁሉ የሚቀይር ነበር። በራሳቸው ስም ለአፍሪካ ዋንጫ ሊወዳደሩ ነው። የኢትዮጵያና የዛንዚባር የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ፣ አዲስ አበባ ላይ። እስቲ አስቡት።

በሩ የተዘጋው ሐምሌ 14 ነው። በዚያው ዓመት፣ ሞሮኮ ላይ። አዲሱ የካፍ ፕሬዚዳንት አህመድ ቀድሞውንም መግባት አልነበረባቸውም አሉ። ከአንድ አገር ሁለት ፌዴሬሽን መቀበል አንችልም፣ አገር ማለት ምን እንደሆነ የሚወስኑት የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ናቸው ተባለ። በአራት ወር ከአምስት ቀን አለቀ።

ሽማግሌው አራት ወር ሲሉ እኔ የመሰለኝ ይህ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ሁለት ጣታቸውን አነሱ። «ሁለት ጊዜ ነው» አሉ። «ሁለት ጊዜ አራት አራት ወር።»

ማታ ሆቴል ገብቼ ቀኖቹን በወረቀት ቆጠርኳቸው። ዛንዚባር ከእንግሊዝ ነፃ የወጣችው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1963 ነው። ዲሴምበር 16 የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች። ጃንዋሪ 12 አብዮት ፈነዳ፣ ሱልጣኑ ሸሹ፣ ብዙ ሰው አለቀ። ኤፕሪል 26 ከታንጋኒካ ጋር ተዋሃደች። በተባበሩት መንግሥታት ወንበር ለብቻዋ የተቀመጠችው አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። ከ53 ዓመት በኋላ በካፍ ወንበር ደግሞ አራት ወር ከአምስት ቀን። እኚያ ሰው ሁለቱንም ኖረውበታል። በመጀመሪያው ልጅ ነበሩ፣ በሁለተኛው አያት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ርዕስ ሲነሳ ሰው ወዲያው ጆሮውን ያቆማል። «የክልል ቡድን በዓለም አቀፍ ውድድር» ሲባል መገንጠል የሚል ቃል ከኋላው ተደብቆ ይታየናል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ብዙ ደም አይተናል። እኔም ዛንዚባር ትገንጠል አትገንጠል ለማለት አልተነሳሁም። የእኔ ጉዳይ አይደለም። እዚያ በቆየሁባቸው ቀናት ስለ ኳሱ ያነጋገርኳቸው ሰዎችም የጠየቁት ያን አይደለም። የጠየቁት በስማቸው መጠራትን ነው።

ፊፋ ውስጥ 211 አባላት አሉ። የተባበሩት መንግሥታት አባላት ግን 193 ናቸው። ልዩነቱ ከየት መጣ? እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ አንድ መንግሥት ሆነው አራት ቡድን አላቸው። የፋሮ ደሴቶች ከዴንማርክ ሳይነጠሉ ይጫወታሉ። ሆንግ ኮንግ ከቻይና ሥር ሆና ትጫወታለች። ስለዚህ «አገር ያልሆነ አይጫወትም» የሚለው ሕግ ለሁሉም እኩል አልሠራም። ቀድሞ የገባው ገብቷል። ሕጉ የጠበቀው ዘግይቶ በመጣው ላይ ነው። ሕግ ሕግ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እኔ ግን እንዲህ ዓይነቱን ፍትሕ ብዬ ልጠራው አልችልም።

ይህን ሳስብ የሚመጣብኝ የሀምቡርጉ ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006፣ የጀርመኑ የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ የሀምቡርጉ ክለብ ሳንክት ፓውሊ ፊፋ የማያውቃቸውን ቡድኖች ጠርቶ ዋንጫ አዘጋጀ። ስድስት ቡድን ነበር። ቲቤት፣ ግሪንላንድ፣ ጂብራልታር፣ ሰሜን ቆጵሮስ፣ ዛንዚባር፣ ስድስተኛው የአዘጋጁ ክለብ የራሱ ሰፈር ቡድን። ዛንዚባር ፍጻሜ ደረሰች። ከሰሜን ቆጵሮስ ጋር ያለ ጎል ተለያይተው በመለያ ምት ተሸነፈች።

የዛንዚባር ተቀያሪ ወንበር ላይ በአሰልጣኝነት የተቀመጠው አንድ የጀርመን ቴሌቪዥን ቀልደኛ ነበር። ለፕሮግራሙ ብሎ ነው። ይህን ሳውቅ ሆዴ ተላወሰ። ልጆቹ ከህንድ ውቅያኖስ ዳር ተነስተው ሀምቡርግ የገቡት ለመጫወት ነው። ባንዲራቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ነው። ለሌላው የማታ መዝናኛ ነበሩ። እንዲያም ሆኖ ፍጻሜ ደረሱ።

ከእነዚያ ስድስት ቡድኖች አንዷ ጂብራልታር ናት። ያኔ ከዛንዚባር ጋር እኩል ደጅ ጠኚ ነበረች። ሕዝቧ ሠላሳ ምናምን ሺህ ነው፤ የእንግሊዝ ግዛት ናት። ወደ ስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ሄደች፣ ተከራከረች፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የፊፋ አባል ሆነች። ዛሬ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ትጫወታለች። ዛንዚባር አሁንም ውጭ ናት።

ከሀምቡርግ በኋላም አልተቀመጡም። በ2012 ኢራቅ ውስጥ ኩርዲስታን፣ ኤርቢል ላይ የተካሄደ የእነዚሁ ያልታወቁ ቡድኖች ዋንጫ ነበር። ዛንዚባር ሦስተኛ ወጣች። በዚያው ውድድር ከዳርፉር የመጣም ቡድን ነበር። ምሥራቅ ቻድ ካሉ የስደተኛ ካምፖች የተሰባሰቡ ልጆች ናቸው። በመጀመሪያ ጨዋታቸው 15 ለ 0 ተሸነፉ። በሁለተኛው 18 ለ 0። በሦስተኛው፣ ከምዕራብ ሰሃራ ጋር፣ 5 ለ 1። የዚያችን የአንዷን ጎል ነገር መጀመሪያ ሳነብ ብቻዬን ቤት ውስጥ ከወንበሬ ተነስቻለሁ። ከአገሩ የተባረረ፣ በድንኳን ውስጥ ያደገ ልጅ በዳርፉር ስም ጎል አገባ። የትኛውም የፊፋ መዝገብ ላይ የለችም። ግን ገብታለች።

እንግዲህ ወደ ኬንያዋ ከተማ፣ ወደ ማቻኮስ ልሂድ። የዚህ ታሪክ ልቡ ያለው እዚያ ነው።

ካፍ በሩን ከዘጋባቸው አምስት ወር አልሞላም። ኅዳር መጨረሻ 2010 ዓ.ም. የሴካፋ ዋንጫ ኬንያ ላይ ተጀመረ። ዛንዚባር መጣች። አሰልጣኙ ሄመድ ሱሌይማን ይባላል፤ ሰው የሚያውቀው ግን «ሞሮኮ» በሚል ቅጽል ስሙ ነው። ከአፍሪካ እግር ኳስ የተባረሩት ሞሮኮ ላይ መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል።

ሩዋንዳን 3 ለ 1 አሸነፉ። ዋናውን ምድር፣ ኪሊማንጃሮ ስታርስን፣ 2 ለ 1 አሸነፉ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ የዋንጫው ባለቤት ኡጋንዳ ገጠማቸው። እሱንም 2 ለ 1። እኛ በዚያ ውድድር ከምድባችን አላለፍንም። ስለዚህ ፍጻሜውን ያየሁት ያለ ጭንቀት ነው፤ ወይም ያለ ጭንቀት አያለሁ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ታኅሣሥ 8፣ እሁድ ነው። ኬንያ በሜዳዋ፣ በሕዝቧ ፊት። ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኬንያ አገባች። ዛንዚባር ስትገፋ ዋለች። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አቻ አደረገች። ጭማሪ ሰዓት ተሰጠ። ኬንያ እንደገና መራች። አሁን አለቀላቸው አልኩ። አላለቀም። እንደገና አቻ፤ 2 ለ 2። መለያ ምት።

የኬንያው በረኛ ፓትሪክ ማታሲ ነበር። ሦስት ኳስ አዳነ። ኬንያ በመለያ ምት 3 ለ 2 ዋንጫውን ወሰደች።

ማታሲ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውቷል። እኔ የጊዮርጊስ ደጋፊ ነኝ። ወድጄዋለሁ፣ አጨብጭቤለታለሁ። ግን እጁን በዘረጋ ቁጥር ማቻኮስ ትዝ ትለኝ ነበር። ያን የሚያውቅ ሰው ከአጠገቤ ስላልነበረ ለማንም አልተናገርኩም።

ጆውስ ኮርነር ላይ ስለ ማቻኮስ ሳነሳ መደቡ ላይ ያሉት ሁሉ ዶሚኗቸውን አቆሙ። ዓመታት አልፈዋል፤ እያንዳንዷን ምት ግን ያስታውሳሉ። ማን በየት በኩል እንደመታ፣ ማታሲ በየት በኩል እንደወደቀ። አንዱ ተነስቶ በረኛው እንዴት እንደዘለለ አሳየኝ፤ በሰንደል ጫማው። ሌላው ተቆጣው፤ በግራ ነው እንጂ በቀኝ አይደለም አለው። ከኋላ አንድ ወጣት፣ «እኛ እኮ አልተሸነፍንም፤ አቻ ነን» አለ። ማንም አልሳቀም። እውነቱን ነውና። በመዝገብ 2 ለ 2 ነው።

በማግሥቱ ከሰዓት ወደ ምናዚ ምሞጃ ሜዳ ሄድኩ። ከአሮጌው ከተማ ወጣ ሲሉ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ሣሩ እዚህም እዚያም ተላጭቷል። ከባሕሩ በኩል ነፋስ ይመጣል። ልጆች በየጥጉ ይጫወታሉ። እኔ የቆምኩበት ጥግ ላይ አንዱ ቡድን ማሊያ ለብሷል፣ ሌላው ራቁቱን ነው። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ልክ እንደኛ ሰፈር። ድንጋዩን ትንሽ የሚያጠብ ተንኮለኛ በረኛም አለ፤ ያም እንደኛ።

አንዱ ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሰማያዊ ማሊያ አድርጓል። ትልቅ ነው፤ ጉልበቱ ድረስ ይደርሳል። ደረቱ ላይ የዛንዚባር ባንዲራ አለ። ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ። ከላይ ጥጉ ላይ ትንሿ የታንዛኒያ ባንዲራ። ሁለቱም እዚያው ጨርቅ ላይ ናቸው፤ ሲሮጥ አብረው ይርገበገባሉ። ኳስ በነካ ቁጥር ማሊያውን በአንድ እጁ ይሰበስባል፣ እንዳያደናቅፈው። እንዲያም ሆኖ ሁለት ጎል አገባ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አዛን ተሰማ። ጨዋታው በአንድ ጊዜ ቆመ። ማንም ፊሽካ አልነፋም። በረኛው ኳሱን ከድንጋዩ ጎን አስቀመጠ፣ ልጆቹ ጫማቸውን አነሱ፣ ሄዱ። ኳሱ እዚያው ቀረ። ማንም አይወስደውም ማለት ነው። እኔ ብቻዬን ከኳሱ ጋር ትንሽ ቆምኩ።

ወደ ሆቴል ስመለስ በዳራጃኒ ገበያ በኩል አለፍኩ። ቅመም፣ ዓሣ፣ የሞባይል ቀፎ፣ ሁሉም ያለበት ገበያ ነው። ማሊያ የሚሸጥ ወጣት አገኘሁና ያንኑ ሰማያዊ ማሊያ ጠየቅሁት። የአርሰናልና የማንቸስተር ከፊት ተደርድሯል። የዛንዚባርን ከታች ካለ ካርቶን ውስጥ አወጣልኝ። ከአዲስ አበባ መሆኔን ስነግረው ዋጋ ቀነሰልኝ። ስልክ ተለዋወጥን።

ስለ ፈይሰል ሳሉም የነገረኝ ይህ ወጣት ነው። «ፌይ ቶቶ» ይሉታል። የዛንዚባር ልጅ ነው። ማቻኮስ ላይ በነበረው ቡድን ውስጥ ነበር። አሁን የታይፋ ስታርስ አማካይ ነው። አሰልጣኙ ሄመድም እንዲሁ፤ ዛንዚባርን ፍጻሜ ያደረሰው ሰው በኋላ የታንዛኒያን ብሔራዊ ቡድን ተረከበ። «ታዲያ ደስ አይልህም?» አልኩት። «ደስ ይለኛል» አለ። «ታንዛኒያ ሲያሸንፍ እጮሃለሁ። ግን ፌይ ሲያገባ ሁለት ጊዜ ነው የምጮኸው።» ፖለቲከኛ አይደለም፣ ማሊያ ሻጭ ነው። ከዚህ በላይ ጥርት አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም።

አገሬ ስመለስ ማሊያውን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ያወጣሁት ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን ኢትዮጵያና ታንዛኒያ ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ተገናኙ። ጨዋታው የእኛ የሜዳ ጨዋታ ነው። የተካሄደው ግን ኪንሻሳ ነው። ካፍ የባሕር ዳር ስታዲየምን ካገደ ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳ ጨዋታውን ከአገር ውጭ ነበር የሚያደርገው። ዋልያዎቹ ያላደጉበት ከተማ ሄደው «ባለሜዳ» ይባላሉ። ካፍን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ፣ ይድነቃቸውን ለካፍ የሰጠች፣ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በገዛ ከተማዋ ያነሳች አገር፣ አንድ ብቁ ሜዳ አጥታ።

እኛ ቡድን አለን፣ ሜዳ የለንም። እነሱ ሜዳ አላቸው፤ አማን ስታዲየም እንደ አዲስ ተሠርቶ ከከተማቸው መሃል ቆሟል፤ ቡድናቸው ግን አይቆጠርም። ያን ቀን ካፌ ውስጥ ተቀምጬ ይህን እያሰብኩ ነበር።

ማሊያውን የለበስኩት ከሹራብ በታች ነው። እውነቴን ነው፣ ልቤ ከዋልያዎቹ ጋር ነበር። ሌላ ቦታ ሊሆን አይችልም። ግን ሊተወኝ ያልቻለ ነገር ነበረብኝ። ታንዛኒያ ቀድማ አገባች። ካፌው ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ገባ። ስክሪኑ ላይ ስሙ ወጣ፤ ፈይሰል ሳሉም።

ጎናችን የተቀመጠ ሰው ሂሳብ ጠይቆ ወጣ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አዘንኩ፣ በጣም አዘንኩ። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ከማሊያ ሻጩ ነበር። ሁለት የድምፅ መልእክት፣ ተከታትለው የተላኩ። አንዱን ከፈትኩት፤ ጩኸት ብቻ ነው። ሁለተኛውንም ከፈትኩት።

ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ። ታንዛኒያ በዚያ ማጣሪያ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። አሰልጣኙ ዛንዚባራዊ፣ ሁለተኛዋን ጎል ያገባው ዛንዚባራዊ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ነሐሴ፣ እ.ኤ.አ. በ2025፣ በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ተጫዋቾች የሚዘጋጀው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ቻን፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ተካሄደ። አንዱ ምድብ የተጫወተው አማን ላይ ነው። ካፍ ወደ ዛንዚባር መጣ፤ ኳሱን፣ ባንዲራዎቹን፣ ካሜራዎቹን ይዞ። ሴኔጋል፣ ኮንጎ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳን። ዛንዚባር የምትባል ቡድን ግን የለችም።

ሱዳን ናይጄሪያን 4 ለ 0 ያሸነፈችው እዚያ ነው። ካፍ የተመሠረተው ካርቱም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1957። ዛሬ ካርቱም ጦርነት ያደቀቃት ከተማ ናት። የሱዳን ልጆች በገዛ አገራቸው ሜዳ አይጫወቱም ነበር። ያን ቀን አማን ላይ ግን የሚጨበጨብላቸው ሕዝብ ነበራቸው።

ማታ ከማሊያ ሻጩ ወዳጄ አጭር ቪዲዮ ደረሰኝ። ሃያ ሰከንድ ቢሆን ነው። ከበሮ ይመታል፣ ሰው ቆሟል፣ ማን ምን እንደሚል አይሰማም። መጨረሻ ላይ ካሜራውን ወደ ራሱ አዞረው። ሰማያዊውን ማሊያ ለብሷል። ከጎኑ ኮፊያ ያደረጉ ሽማግሌ አሉ። እኔ የማውቃቸው መሆን አለመሆናቸውን ለመለየት ሦስት ጊዜ አየሁት።